አጅሬ የሚያንሾካሹክበት ክፍል

እትዬ ሹክሹክታን ድምፅ በነበራት ዘመን የሚያውቋት ሰዎች ይህን ቅጽል ስሟን ሲሰሙ መሳቃቸው አይቀርም። አይፈረድባቸውም። ያኔ የሕፃናት መዋያ መምህር ነበረች፤ የሚጠሯትም «ደወሏ» እያሉ ነው። ግቢው መሀል ቆማ «ግቡ» ስትል የራሷ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጋራዥ ሠራተኞች ጭምር መፍቻቸውን አስቀምጠው ቀና ይሉ ነበር። መዝሙር ስታስተምር የሙዚቃ መሣሪያ አታስፈልጋትም፤ ስትቆጣማ ተዉት። ኩራቷ ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። ሰው ደግሞ መቼም የሚመታው በሚኮራበት በኩል ነው።

እንቅርት ወጣባት። ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ፣ እንቅርቱም ተነሣ፤ ድምፁ ግን አብሮት ሄደ። ሐኪሞቹ «ምናልባት በጊዜ ብዛት ይመለሳል» አሏት፤ እሷም ጠበቀች፤ አልተመለሰም። የቀራት ከአንድ ክንድ በላይ የማይሻገር፣ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት ሹክሹክታ ብቻ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል፤ የእሷስ ባሰ፤ እንቅርቱ ሄዶ ጆሮ ደግፉ ብቻውን ቀረ።

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቀልድ የሚወድ፣ ሆዱ ግን የሚባባ ሰው። «ሌላው ባል ዕድሜ ልኩን ሲለምን የሚኖረውን ፀጥታ እኔ ሳልለምን አገኘሁት» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። ሳቀችለት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ለማልቀሻ የሚሆን ድምፅ እንኳ ስለሌላት እሱ ሳሎን ተቀምጦ ምንም አልሰማም። ከሁሉ ያንገበገባት ይኸው ነበር።

ወደ ሥራዋ ተመልሳ ያልሞከረችው የለም። ፊሽካ ገዛች፤ ልጆቹ ኳስ ጨዋታ መስሏቸው ፈነጩ። አጨበጨበች፤ አብረዋት አጨበጨቡ። ርዕሰ መምህርቷ ደግ ሴት ስለነበረች ዕቃ ቤት ውስጥ ባለቀለም እርሳስ የምታድልበት ቦታ ሰጠቻት። ደወሏ ዕቃ ቤት ገባች ማለት ነው። ትንሽ ቆየችና «በቃኝ» ብላ ወጣች። ሰው ሁሉ አዘነላት፤ ማዘናቸው ደግሞ ከድምፁ መጥፋት ይልቅ አጥንቷ ድረስ ገባ። ያን ጊዜ ከልጅ ጋር መሥራት አብቅቶልኛል ብላ በልቧ ፈርዳ ነበር።

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ የእህቷ ልጅ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰበረና ሆስፒታል ተኛች። እህቷ ሥራ ውላ እስክትመጣ አስታማሚዋ እሷ ሆነች። የልጆቹ ክፍል ሰፊ ነው፤ አልጋዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ግድግዳው እስከ ወገቡ ድረስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ወለሉ ሁልጊዜ አሁን የተወለወለ ይመስል መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። የእህቷ ልጅ ክኒን አልውጥም ብላ አፏን ገጥማ አስቸገረች። እትዬ እንዳትቆጣ ድምፅ የለ፣ እንዳታባብል ድምፅ የለ። ከቦርሳዋ ውስጥ የባሏን ወፍራም የክረምት ካልሲ አወጣች፤ ተረከዙ ስለተቀደደ ልትጥፈው ይዛው የመጣችው ነው። እጇን ከተተችበትና የካልሲውን አፍ ልጅቱ ጆሮ ላይ አስጠግታ አንሾካሾከች።

ልጅቱ ሳቀች። ቀጥላም ለክፍሉ በሙሉ እንዲሰማ «ክኒን ከኖራ ነው እንዴ የሚሠራው ይላል» ብላ ጮኸች።

ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ልጅ ተነሥቶ ተቀመጠ። «ለእኔስ ምን አለኝ?»

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ሚስጥር የሰማ ልጅ ሆዱ ውስጥ ማሳደር አይችልም፤ ያፈነዳዋል። እትዬ በምትጮኽበት ዘመን ልጆቹ ያዳምጧት ነበር፤ አሁን ግን የሚያወሩት እነሱ ሆኑ። ካልሲው ሹክ ይላል፣ ልጁ ያውጃል፣ ክፍሉ ይስቃል። የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ይህን ስታይ ቆየችና የእትዬ የእህቷ ልጅ ድና ስትወጣ «ልጅቷን ውሰጂያት፤ አንቺ ግን ሰኞ ተመለሺ» አለቻት። ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በሆስፒታሉ የልጆች ጨዋታ መምህር ሆና ቀረች፤ ልጆቹም እትዬ ሹክሹክታ አሏት፤ ካልሲውንም አጅሬ አሉት።

አጅሬ አፍንጫው ትልቅ፣ ዓይኖቹ ከሁለት የማይመሳሰሉ ኮቶች የተነቀሉ ቁልፎች፣ ጠባዩ ደግሞ የለየለት ፈሪ ነው። የሙቀት መለኪያ ሲያይ ይደነግጣል። ማንኪያ ያስፈራዋል። መርፌ የሚል ቃል ከተነሣ በእትዬ ብብት ውስጥ ይሸጎጣል፤ ልጆቹ ራሳቸው ሲለማመጡት ይውላሉ። ምክንያቱም እትዬ አንድ የማትጥሰው ሕግ ነበራት፤ አጅሬ አያዝም፣ አይመክርም፣ ከልጅ የበለጠ አንዳች ነገር አያውቅም። የሚያስተምሩት ልጆቹ ናቸው። ሁለተኛ ሕግ ደግሞ ነበራት፤ ልጅ እያየ እጇን ከአጅሬ ውስጥ አታወጣም። ሥራው ሲያልቅ አጅሬ ያዛጋል፣ ቅርጫቱ ውስጥ ይገባል፣ በፎጣ ይሸፈናል፣ እጅ የሚወጣው ከፎጣው ሥር ነው። ባዶውን የተዘረረ አሻንጉሊት ለአዋቂ ጨርቅ ነው፤ ለልጅ ግን ሬሳ ነው።

በመተላለፊያው «ያቺ ካልሲ ይዛ የምትዞረው ሴትዮ» እያሉ የሚያሟት አልጠፉም። ጆሮ ዳባ ልበስ አለቻቸው። የእጅና የእግር ልምምድ የሚያሠራው ወጣት ባለሙያ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ወዳጇ ሆነ። ትዕግሥተኛና እጀ ለስላሳ ነው፤ ልጆቹ ያለ ጥፋቱ «ጋሼ ጠምዝዝ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ጎበጥ ያለ ጣት ሲያቃና ያምማል፣ ምን ያድርግ።

የዳቦ ጋጋሪው ልጅ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ የዳቦ ቤት ባለቤት፣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጎኑ በርጩማ ላይ ያቆማትና ትንንሽ ድቡልቡል ዳቦ ያሠራት ነበር። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያለ ያበሽቃታል፤ እሷ ግን የእሷን ዳቦ ካልሆነ አንገዛም የሚሉ ደንበኞች አፍርታ ነበር። አንድ ቀን ከምድጃ የወጣ ትሪ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንሸራቶ ሊወድቅ ሲል በቀኝ እጇ ያዘችው። የራሷ ዳቦዎች ነበሩበትና አልለቀቀችውም።

መዳፏ ተቃጠለ። ከጭኗ ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈላት፤ ቁስሉ ዳነ፤ እጁ ግን አልዳነም። ጣቶቿን ጨብጣ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ ማንንም አታስነካም፤ ጋሼ ጠምዝዝ ገና ከበሩ ሲገባ ክፍሉን በጩኸት ትሞላዋለች። አዲስ ቆዳ ደግሞ ካልተሳበ ይሰበሰባል። ቀዶ ሐኪሙ ሊያያት መጣና ለአባትየው ሳይደብቅ ነገረው።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ አያታለሁ። እጁ መከፈት ከጀመረ ጥሩ። ካልተከፈተ እንደገና መቅደድ ሊኖርብን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይደለም። ጣቶቿ እንደ ድሮው ይሆናሉ ብዬ ቃል ልገባልህ አልችልም።»

በኋላ አባትየው መተላለፊያው ውስጥ እትዬን አገኛትና «በርጩማውን ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ» አላት።

እትዬ በቀጥታ ወደ ልጅቱ አልሄደችም። ከጎኗ ወዳለው አልጋ ሄደችና አጅሬ የሙቀት መለኪያ አይቶ እዚያው ዝልፍልፍ አለ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ መጀመሪያ በአንድ ዓይኗ፣ ቀጥሎ በሁለቱም አየችው። በመጨረሻ አላስቻላትም።

«አያምም በዪው። ብብት ውስጥ ብቻ ነው የሚገባው።»

«ራስሽ ንገሪው» ብላ አንሾካሾከች እትዬ።

ነገረችው። እሱም ጆሮዋ ላይ ብብት እንደሌለው ሹክ አላት፤ ልጅቱ ለሕመምተኛው ሁሉ «ብብት የለኝም ይላል» ብላ አወጀች፤ ጥጉ ድረስ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ እንደ እሷ ያለ የአጅሬ አስተርጓሚ አልተገኘም። ቀኝ እጇ ግን እንደ ተጨበጠ ነው።

እትዬና ጋሼ ጠምዝዝ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። እጅ አስገብተው የሚያጫውቱት አሻንጉሊት ራሱ የጣት ልምምድ አይደለም እንዴ? አጅሬን በአዲስ አካል ልትሰፋው ተነሣች። ጋሼ ጠምዝዝ የትኛው ጣት ምን መሥራት እንዳለበት በራሱ እጅ እያሳየ ነገራት፤ እሷ ባሏን ምግብ ጠረጴዛ ላይ መዳፉን አስዘርግታ በጠመኔ ነደፈች። «መሪ የጨበጠ እጅ ለካልሲ መለኪያ ሆነ» ብሎ አጉረመረመ፤ እጁን ግን አላነሣም። አውራ ጣት በአጅሬ አንደኛ ክንድ ትገባለች፣ ትንሿ ጣት በሌላኛው፣ ሦስቱ የመሀል ጣቶች ጭንቅላቱ ውስጥ። አጅሬ ክንዱን ሲዘረጋ ጣቶች ይራራቃሉ፤ ጎንበስ ሲል ይታጠፋሉ፤ ቀና ሲል ይቃናሉ። የአውራ ጣቱ ክንድ አጭርና ወፍራም፣ የሌላኛው ቀጭን ስለሆነ ለቀኝ እጅ እንጂ ለግራ አይሆንም። ከዚያ ያን ሁሉ በልጅ እጅ ልክ አጠበበችው፤ የራሷ እጅ ከእንግዲህ የሚገባበት በመከራ ነው። በማግስቱ አጅሬ እጅ አብቅሎ ክፍል ሲገባ ማንም ልጅ «እንዴት?» ብሎ አልጠየቀም። ልጅ ጥርስ ያበቅል የለ፣ አጅሬም እጅ አበቀለ፤ አለቀ።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ግን ቀኑ እየሄደ ነው። ጋሼ ጠምዝዝ ልጅቱ እንቅልፍ ሲወስዳት እጇን ዳሰሰና ፊቱ ጠቆረ፤ ቆዳው ጭራሽ እየጠበቀ ነው። አባትየው በየቀኑ ትኩስ ዳቦ በከረጢት ይዞ ይመጣና የእትዬን ዓይን ዓይን ያያል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼኔ ነው። እትዬ፣ ያ ሁሉ ልምድ ያላት ሴት፣ ሕጓን ረሳች። አጅሬን ልጅቱ ጆሮ ላይ አስጠጋችና «እጅሽን እዚህ ውስጥ ብታስገቢ እኮ ጣቶችሽ ይፈቱልሻል፤ ዶክተሩም በጣም ደስ ይለዋል» አሰኘችው።

ልጅቱ አልሳቀችም። አላወጀችም። ዓይኗን ከአጅሬ ላይ አንሥታ እላይ ወደ እትዬ አየች፤ ከመጣች ጀምሮ አንድም ቀን እንዲህ አይታት አታውቅም።

«አጅሬ ዶክተሮችን ይፈራል እንጂ ደስ እንዲላቸው አይፈልግም» አለች። «ይኼን ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ብርድ ልብሷን ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እትዬ ደንግጣ፣ ሁለተኛውን ሕግ ደግሞ ጣሰች፤ እጇን መንጭቃ አወጣችና አጅሬን ባዶውን ልጅቱ እግር ሥር ጥላው ወጣች። መተላለፊያው ጫፍ ስትደርስ ነው ያደረገችው ነገር የገባት። ልጅቱ ከሚያስጮኋት ሰዎች ጋር የማይወግን አንድ ነገር ነበራት፤ እሱንም ነጠቀቻት። ያቺ እጅ ሳትከፈት ብትቀር ጥፋቱ የእኔ ነው አለች በልቧ፤ አላጋነነችም።

በማግስቱ ጠዋት ገና ከበሩ ስትገባ አጅሬን ፈለገችው። የተኛበት አልተቀየረም፤ የልጅቱ እግር ሥር ነው። ግን እስከ አገጩ ድረስ በብርድ ልብሱ ጥግ ተሸፍኗል።

ልጅቱ አላየቻትም። እትዬም አልጋውን አልፋ ሄደች። ቅርጫቱን ባዶውን ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠችና ቀኑን ሙሉ ሌሎቹን ልጆች በወረቀትና በቀለም ስታጫውት ዋለች። ጋሼ ጠምዝዝ ጥግ ይዟት ጠየቃት።

«እትዬ፣ አይወስዱትም እንዴ?»

«አልወስደውም። የእሷ ነው።»

«ጊዜው እኮ…»

«አውቃለሁ» አለች። «ጊዜው ትናንትም እንደዚሁ ነበር፤ ቸኩዬ ያተረፍኩትን አየኸው።»

ቀኖች አለፉ። አጅሬ ከእግር ሥር ወደ ትራስ ጎን ተዛወረ፤ ከዚህ በላይ ግን ምንም የለም። እትዬ ቤቷ ገብታ እህል አልወርድ አላት። ባሏም ቀልዱን ትቶ አብሯት ይቀመጥ ጀመር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የፈላ ውሃ እግሩ ላይ የተደፋበት የአራት ዓመት ሕፃን መጣና ከዳቦ ጋጋሪው ልጅ ጎን ባለው አልጋ ላይ አስተኙት። እናቱ ለምዝገባ ወደ ታች ወርዳለች። ሲስተር ፋሻውን ለመፍታት የብረት ሳህኗን ይዛ ስትጠጋ ሕፃኑ አይቶ ጮኸ፤ ከአልጋው ጠርዝ እጁን ሲወረውር ያገኘው የጎረቤቱን ግራ እጅ ነው። ጨመደደው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የፈራ ሕፃን ሦስተኛቸው ነው።

እትዬ፣ ጋሼ ጠምዝዝና አባትየው መተላለፊያው ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ጩኸቱን ሰምተው በሩ ላይ ደረሱ። ልጅቱ ሕፃኑን እያየች ነው። አጅሬን አየች። ግራ እጇን ልታስለቅቅ ትንሽ ሳብ አደረገች፤ ሕፃኑ ባሰበት። እንደገና አጅሬን አየች።

ከዚያ ያን የተጨበጠ እጅ ከደረቷ ላይ አነሣችው።

ጋሼ ጠምዝዝ ሊሮጥ ሲል እትዬ የጋውኑን እጅጌ ጨምድዳ ያዘችው። ልጅቱ አጅሬን በጥርሷ ነክሳ አፉን ከፈተችና እጇን እንደ ተጨበጠ ውስጡ ወተፈችው። አልገባም። ፊቷ ቀላ፣ ግንባሯ ላብ አወጣ። ከጨርቁ ሥር አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ይታያል። አውራ ጣቷ መንገዷን አገኘች፤ የአጅሬ አንድ ክንድ ተነሣ። ሌላኛው እንደ ሰነፈ ቀረ፤ ጭንቅላቱም ዘምበል ብሏል። ግን አጅሬ ተነሥቶ ነበር። በሁለቱ አልጋዎች መሀል ተሻግሮ ሕፃኑ ጆሮ ላይ ደረሰ፤ ልጅቱም ተንጠራርታ አንሾካሾከችለት።

ሕፃኑ ዝም አለ። ሳጉን ዋጥ አድርጎ ለሲስተር «እኔም ፈርቻለሁ ይላል» አላት።

«እንግዲያው ሁለታችሁንም ቀስ አድርጌ ነው የማክማችሁ» አለች ሲስተር፤ እሷም የዋዛ አይደለችም። ፋሻው ተፈታ። አባትየው በሩ ላይ በዱቄታም ክንዱ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ሁሉ የያዘው ሕፃኑ ነው። አጅሬ ከሌለ ፋሻ አላስፈታም አለ። አጅሬ በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ደግሞ «ይኼ አይደለም» ብሎ መለሰው፤ የእሱ አጅሬ የጎረቤቱ ነው። ልጅቱ አንድ እጇ ተይዞባት በሌላው ስትሠራ ሕፃኑ ያዛል፤ አጅሬ ይስገድ። አጅሬ ያጨብጭብ። አጅሬ እቀፈኝ። ልጅቱ ያማታል፤ ጥርሷን ትነክሳለች፤ «ዛሬ ደክሞታል» ትለዋለች። «አልደከመውም» ይላል ሕፃኑ፤ ወይ ንቅንቅ። ጋሼ ጠምዝዝ ጥግ ላይ ቆሞ በደስታም በመገረምም ራሱን ይነቀንቃል። «በሥራ ዘመኔ እንደዚህ ያለ ጨካኝ ባለሙያ አላየሁም» አላት እትዬን። እሱ ራሱ ሕፃኑ ቶሎ ድኖ ወደ ቤቱ እንዳይሄድበት ሲሰጋ ከረመ።

አንድ ከሰዓት ልጅቱ እትዬን ጠራቻት። እትዬ ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አጅሬ ቀስ ብሎ ክንዱን ዘርግቶ ጆሮዋ ላይ ተጠጋ፤ አሁን ሁለቱም ክንዶቹ ይሠራሉ።

«ምን አለሽ?» አለች ልጅቱ።

እትዬ መለሰች። «ታርቀናል አለኝ።»

«እንደዚያ አላለም። ሁለተኛ እንዳትለምደው ነው ያለሽ።»

«ሁለተኛ አልለምደውም» አለች እትዬ። ማለችም።

ቀዶ ሐኪሙ የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ነጭ ጋውን የለበሱ ወጣቶች አስከትሎ ገባና ልጅቱ አልጋ ጫፍ ቆመ። ሲስተር መጋረጃውን ሰበሰበች። አባትየው ዱቄቱን ሳያራግፍ መጥቶ ግድግዳውን ተደግፏል። ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ይቁለጨለጫል።

«እስቲ፣ እንዴት ነው እጅሽ?» አለ ሐኪሙ።

አጅሬ ከብርድ ልብሱ ሥር ብቅ አለ። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ ቀና አለ፤ ሁለት ክንዱን ዘረጋ። ሐኪሙም ወግ ያውቃልና አጸፋውን ጎንበስ ብሎ መለሰ። ከዚያ ፈገግታውን ሳይተው «ጎበዝ ነው። ግን እኔ የመጣሁት የእሱን እጅ ለማየት አይደለም፤ ያንቺን ለማየት ነው» አላት።

እትዬ የመስኮቱን ደፍ ጨብጣ ቆማለች። ስትፈራው የነበረው ይህን ነው። በአጅሬ ውስጥ ያለችው እጅ የአጅሬ እጅ ናት፤ ደፋር ናት፣ ሕመም ቻይ ናት። ጨርቁ ሲወልቅ የምትወጣው ያቺው የተጨበጠች፣ ደረት ላይ የምትሸጎጥ እጅ ብትሆንስ? እንደዚያ ከሆነ ሁሉም ነገር ጨዋታ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ቢላው ተመልሶ መምጣቱ ነው። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሕጓ ትዝ አላትና መልሳ ገጠመችው።

ልጅቱ አጅሬን አየችው። ቀስ ብላ ወደ ራሷ ጆሮ አስጠጋችው። ሁሉም ሰው ቆሞ ጠበቀ። አዳምጣ ስትጨርስ ለክፍሉ ሁሉ አወጀች።

«እኔ ፈርቻለሁ፣ አንቺ ሂጂ ይላል።»

አጅሬን በግራ እጇ ስባ አወለቀችው። አልጣለችውም፤ ተንጠራርታ ለሕፃኑ አቀበለችውና «እቀፈው» አለችው። ከዚያ ቀኝ እጇን፣ ጠባሳዋ ሮዝ፣ ቆዳዋ ገና የምታብረቀርቅ፣ ሐኪሙ ፊት ዘረጋች። አውራ ጣት ወጣች። ሌባ ጣት ተከተለች። ሦስተኛዋና አራተኛዋ እየተንቀጠቀጡ ተቃኑ። ትንሿ ጣት ጫፏ ላይ ጎበጥ ብላ ቀረች፤ ልጅቱ በንዴት አየቻትና እሷም ትንሽ ጨመረች።

ሐኪሙ የራሱን መዳፍ ከሥሯ አድርጎ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካ። ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ወደ አባትየው ዞረ።

«ቀዶ ሕክምና የለም» አለ። «ልምምዱ ይቀጥላል፤ ሊጥ ካላችሁ ሊጥ ታቡካ። ይቺ እጅ ድናለች።»

ልጅቱ ከአልጋዋ ወረደች። መጀመሪያ የሄደችው ወደ አባቷ ነው። እጇን እንደ ትልቅ ሰው ለሰላምታ ዘረጋችለት። አባትየው ከአደጋው ወዲህ ያቺን እጅ ነክቷት አያውቅም፤ ልክ ከምድጃ እንደ ወጣች ዳቦ በጣቱ ጫፍ ያዛት። «ጨብጣት እንጂ» አለችው። ጨበጣት። ማልቀስም መሳቅም ተምታታበት። ሐኪሙን ጨበጠችው፤ ተከታዮቹን ጨበጠቻቸው፤ ሲስተርን ጨበጠቻት። ጋሼ ጠምዝዝ ተራው ሲደርስ እጁን ወደ ኋላ ደብቆ «ትጠመዝዢኛለሽ» አላት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አስገድዳ ጨበጠችው።

የመጨረሻዋ እትዬ ሹክሹክታ ነበረች። ከመስኮቱ ሥር ቆማ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ፣ እጇን ሰጠቻት። ልጅቱ ያዘቻት። መጀመሪያ ቀስ አለች፣ ከዚያ ጨመረች፣ ከዚያ በሙሉ ኃይሏ፣ አምስቱንም ጣቶቿን አስተባብራ ጨመቀች፤ ዓይኗን ከእትዬ ፊት ላይ አልነቀለችም።

«ያምማል?» አለቻት።

«በጣም ያምማል» አለች እትዬ።

ልጅቱ ሳቀችና ጭራሽ አጠበቀችው።